ይቅር የተባለው ሁለት ወር

ቄስ ያላሰረንን ባንክ አሰረን። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ ወረቀቱ አለ። ሰናይትና እኔ ቀለበት አስረናል፤ ሰርግ ግን አልደገስንም፣ ቁርባንም ሆነ ቃል ኪዳን የሚባል ነገር አልነካንም። የገባነው የሠላሳ ዓመት የቤት ብድር ነው። የሚጋቡ ሰዎችን እንኳ እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። እኛን ግን ባንኩ ስንት ወር አብረን እንደምንቆይ ቆጥሮ፣ ከነቀኑ ጽፎ አስፈረመን።

ቤቱ ቴክሳስ፣ ሳክሲ ነው። ሳክሲን የማታውቁ ከሆነ ብዙ አላመለጣችሁም፤ በጋርላንድና በዋይሊ መሐል ያለች፣ ቤቶቿ ሁሉ መንታ የሚመስሉ ትንሽ ከተማ ናት። የገባን ሰሞን ከሥራ ስመለስ የጋራዡ በር አልከፈት ብሎኝ ሪሞቱን ስጫን ስጫን ቆየሁ። ባትሪው አልቋል ብዬ ሄጄ ባትሪ ገዝቼ መጣሁ። አሁንም እምቢ አለኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ወጥተው፣ በጣም በትሕትና፣ የእኔ ቤት ቀጥሎ ያለው መሆኑን አሳዩኝ። እንግዲህ የገዛ ቤቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው ነው ለሠላሳ ዓመት የፈረመው።

እኔ ፎርት ዎርዝ ካለ መጋዘን ዕቃ የማመላልስ የትራክ ሹፌር ነኝ። ሰናይት ሆስፒታል ውስጥ ደም ትቀዳለች። የአንዳችን ደመወዝ ብቻውን ለባንኩ አልበቃ ስላለ ሁለታችንም ስማችንን አስገባን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ አብረን ያሰርነው ራሳችንን ነው፤ አንበሳው በየወሩ መጥቶ በልቶ ይሄዳል።

ለሽምግልና ወደ ቤተሰቧ የላክኋቸው ጋሽ ንጉሤ የሚባሉ አባት ናቸው። ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በአካባቢያችን የተጣላ ሲኖር መጀመሪያ የሚደወልላቸው ሰው ናቸው። ቤቱን ከገዛን ጀምሮ በየበዓሉ ትከሻዬን ይዘው፣ ልጄ ሰርጉስ ይሉኛል። እኔ ደግሞ፣ ጋሽ ንጉሤ አጥሩን ልጨርስና እላለሁ። አጥሩ አለቀ። ለሚቀጥለው ፋሲካ የጓሮው ሣር መጣ። ከዚያ የኩሽናው ጠረጴዛ ድንጋይ። ከዚያ እንደገና አጥሩ፣ ምክንያቱም ቀለሙ ደበዘዘ። አጥሩን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፤ እንጨቱን አንድ በአንድ እየመረጥኩ። ሰናይት በመስኮት ቆማ ታየኝ ነበር። እያደነቀችኝ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ እሑድ ሁለት ሻንጣና ብሌንደሩን ይዛ ወጣች። በር ላይ ቆማ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

"አንተ ያገባኸው ቤቱን ነው፤ እንግዲህ ኑርበት።"

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ሦስት ቀን ሙሉ የተብከነከንኩት ስለ ብሌንደሩ ነው። የጋራችን ነው እኮ፣ እንዴት ሳትጠይቀኝ ትወስዳለች እያልኩ። የጋራችን የሆነ ሌላ ነገር መኖሩ ትዝ ያለኝ ብድሩ የሚቆረጥበት ቀን ሲመጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለታችንም በየወሩ አንድ የጋራ አካውንት ውስጥ ግማሽ ግማሹን እናስገባ ነበር፤ ባንኩ ከዚያ ይቆርጣል። ገብቼ ሳይ ሰናይት ግማሿን አላስገባችም። ጥሩ፣ አልኩ። ቤቱ የሁለታችን ከሆነ እዳውም የሁለታችን ነው፤ ትቅመሰው። እኔም የእኔን ግማሽ አላስገባሁም።

ይህን ብልሃት ቆም ብላችሁ እዩልኝ። እሷ የምትኖረው ቤድፎርድ በተከራየችው አፓርትመንት ነው። በዚህ ቤት የምተኛው እኔ፣ ቢወሰድ ከነፍራሼ የምወጣው እኔ፣ እሷን ልቅጣ ብዬ ክፍያ ያቆምኩትም እኔ። ለካ እሷም እዚያ ሆና፣ የሚተኛበት ይክፈል ብላ ቁጭ ብላለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ሁለት ወር አለፈ። ደብዳቤ መጣ፤ ማይክሮዌቩ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ መጣ፤ ደረብኩበት። ከባንክ የመጣ ደብዳቤ ካልተከፈተ አልደረሰም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

አንድ ቀን በስልክ ተደዋወልንና እስከ አያት ቅድመ አያት ተሰዳደብን። የእሷ አያት ምን እንዳደረጉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሴትዮዋን አይቻቸውም አላውቅም። ከዚያ በኋላ ነው ጋሽ ንጉሤ ጉዳዩን የሰሙት። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሽማግሎች ሳሎኔ ሶፋ ላይ ተሰየሙ። ጋሽ ንጉሤ መሐል ናቸው። በቀኛቸው ያሉት አባት ቀኑን ሙሉ የተናገሩት "ልክ ነው" የሚል ብቻ ነው፤ ለእኔም ለሰናይትም። በግራቸው ያሉት ደግሞ ከመግባታቸው ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩና ያለፈው በረዶ ጣሪያችሁን መትቶታል፣ ኢንሹራንስ ጠርታችኋል ወይ አሉ። እኔ ትዳሬ ፈረሰ ስል፣ እሳቸው ጊዜው ሳያልፍባችሁ ይላሉ። ዛሬ ሳስበው ከሦስቱ የሚጠቅም ነገር የተናገሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሰናይት አለቀሰች። እኔም ልቅስ ብዬ ነበር፤ አልመጣልኝም። እንድንታረቅና አብረን እንድንኖር ለመኑን፤ እሷ እንቢ አለች። እሺ፣ ቢያንስ በሰላም ተለያዩ አሉ። ከዚያ ጋሽ ንጉሤ ተነሥተው ፍርዱን ሰጡ።

"ያለፈው አልፏል፤ ስለ ሁለቱ ወር ማንም ማንንም አይጠይቅ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ቼክ ጽፋችሁ በየፊናችሁ ለባንኩ ትልካላችሁ፤ አንዳችሁ የሌላውን ገንዘብ አትነኩም። ደግሞ አትደዋወሉ። ስትደዋወሉ ነው የምትሰዳደቡት። የምትሉት ካለ በእኔ በኩል።"

ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን። ወረቀት ተጻፈ፣ ሁላችንም ፈረምንበት፤ ውሉን ያፈረሰ ለቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ ሺህ ዶላር ይከፍላል ተባለ። ተመረቅን። አሜን አልን። እንዲህ ያለ ንጹሕ ፍርድ በሕይወቴ አላየሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ጠብ ሁሉ በዚህ መንገድ ነው ያለቀው፤ ያለፈውን ተዉት፣ የሚመጣውን ተካፈሉት። ሽማግሎቹ ሲወጡ ልቤ እርፍ አለ። ሰናይትም በሩ ላይ ዞር ብላ ደኅና ሁን አለችኝ፤ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያዋ ደግ ቃል ናት።

ወር ሲሞላ ቼኬን ጽፌ ላክሁ። ለማስረጃ ይሁን ብዬ ፎቶ አንሥቼዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው የገዛ ቼኬ በፖስታ ተመልሶ መጣ። አብሮት ያለው ደብዳቤ፣ የላኩት ከሚፈለግብዎት ያነሰ ስለሆነ መልሰናል ይላል። እኔ የእኔን ግማሽ እስከ ሳንቲሟ ልኬአለሁ። ታዲያ ያነሰው የማን ነው? ግልጽ ነው፣ የእሷ። ሽማግሌ ፊት አልቅሳ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብላ፣ ሄዳ አልከፈለችም።

እየነዳሁ ጋሽ ንጉሤ ቤት ሄድኩ። ሰናይት ውሉን አፍርሳለች፣ ምንጣፉን ትግዛ አልኳቸው። ጋሽ ንጉሤ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። እሷም ትናንት መጥታ ስለ አንተ ይህንኑ ነገረችኝ አሉ። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሳልከስሳት ቀድማ ከሰሰችኝ ማለት ነው። ሁለታችሁም እግዚአብሔርን ፍሩ ብለው ሸኙኝ። በሁለተኛው ወር እንደገና ላክሁ፤ እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ቼኮቹን በአንድ ፖስታ አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ አንድ ቀን የሆነ ዳኛ ፊት እንደምዘረግፋቸው እያሰብኩ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም ደግሞ። ፀጉር ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ፣ እኔ እየከፈልኩ እሷ ቤቴን ልታስበላ ነው አልኩ። አላጋነንኩም፤ ቼኬ በኪሴ ነው። ሰው እያመነኝ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ለካ እሷም ቤድፎርድ ያለውን ሐበሻ ሁሉ በኔ ላይ ከንፈር አስመጥጣለች። እርግጠኛ ሆኖ የሰው ስም እንደማጥፋት የሚጥም ነገር የለም። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አፍር ነበር።

ከዚያ በሪኮማንዴ ያ ደብዳቤ መጣ፤ ፈርሜ ስለተቀበልኩት ማይክሮዌቩ ላይ ላስቀምጠው አልቻልኩም። ቤቱ በጨረታ ይሸጣል ይላል። ቴክሳስ ውስጥ ያልተከፈለበት ቤት የሚሸጠው በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው፤ ጠዋት ይቆማሉ፣ ይጠራሉ፣ አለቀ። ረቡዕና ዓርብ ቢሆን ጾም ነው ብዬ እጽናና ነበር። ለእኛ ማክሰኞ የቀረው ከሦስት ሳምንት ትንሽ ፈቅ ያለ ቀን ነው። የአሥራ አንድ ዓመት የመሪ ላይ ልፋቴ፣ የእሷ የአሥራ አንድ ዓመት የቆመ እግር፣ ሁሉም እዚያ ቤት ውስጥ ነው ያለው። የሚያፍር ሰው ሳልሆን የሚፈራ ሰው ሆንኩ።

ጋሽ ንጉሤ ይህን ሲሰሙ፣ ባንኩን እኔ አነጋግረዋለሁ አሉ። ለስልክ ጥሪ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከረቫት አስረው መጡ። አሁን መንዳት ስለተዉ ያመጣቻቸው ልጃቸው ሊያ ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ የቤት ጉዳይ የሚይዝ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ። እሷ ስልኳን እየነካካች ኩሽና ቆመች፤ እኛ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ደወልን። ብዙ ዘፈን ከሰማን በኋላ አንዲት ሴት አነሣች። ጋሽ ንጉሤ መጀመሪያ ጤናዋን ጠየቁ። ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ አሉ። እኔ አስተረጎምኩ። ሴትየዋ ደኅና ነኝ፣ ከባለ ብድሩ ጋር ያለዎት ግንኙነት ምንድን ነው አለች። ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ አሉ። የፈቃድ ወረቀት አለዎት ወይ ስትል የተፈራረምነውን ውል አንሥተው ለስልኩ አሳዩት። የመታወቂያ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዝ ስትጠይቅ ደግሞ የራሳቸውን ሰጧት፤ አይደለም ስትላቸው ተቀየሙ።

በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ፣ አንቺም ነገ ቤት ትይዣለሽ፣ ለእኛ ስትዪ ይቺን ነገር እለፊያት አሉ። ይህን እንዴት አድርጌ ወደ እንግሊዝኛ እንደመለስኩት አትጠይቁኝ። ሴትየዋ አንድ ጊዜ ጠብቁኝ አለች፤ ዘፈኑ ተመለሰ። ጋሽ ንጉሤ አለቃዋን ልትጠራ ሄዳለች ብለው ከረቫታቸውን አስተካከሉ። ብዙ ጠበቅን። መስመሩ ተቋረጠ።

ሊያ ከኩሽና መጥታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ውል አነሣች። አማርኛ ፊደል ስትቆጥር ትንሽ ያዘገያታል፤ ጣቷን እያስኬደች አነበበችው።

"አባ፣ ይሄን ሁለት ወር ምን አደረጋችሁት?"

"ይቅር ተባባሉ።"

"ኖ፣ ማለቴ፣ የባንኩን ገንዘብ? እናንተ ፎርጊቭ አደረጋችሁት?" ሳቋ መጣና ዋጠችው። "አባ፣ እሱ የእናንተ አይደለም እኮ።"

ጋሽ ንጉሤ ውሉን ከእጇ ተቀብለው አጣጠፉት። እኔ ግን ያልገባኝ ሌላ ነገር ነበር። ታዲያ የእኔን ግማሽ ለምን መለሱ፣ ሰናይት ስላልከፈለች አይደለም ወይ አልኳት።

"ኦኬ፣ ስማኝ። ሃፍ አይቀበሉም። ሁለት ወር ደግሞ ከኋላ አለባችሁ። ሶ፣ የአንተንም ይመልሳሉ፣ የሷንም ይመልሳሉ። ቼክ ተመለሰ ማለት እሷ አልከፈለችም ማለት አይደለም።" ቆም ብላ አየችኝ። "ኮል አድርገህ አልጠየቅካትም?"

አልደወልኩም አልኳት። ለምን አለች። አባቷን አየሁ። አባቷ ከረቫታቸውን እየፈቱ ነበር።

እዚያው ደወልኩ። ከሽምግልናው ወዲህ ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰላምታም አላልኩ።

"የተመለሱ ቼኮች አሉሽ?"

ከኋላዋ የሆስፒታሉ ድምፅ ይሰማኛል።

"ሦስት አሉኝ" አለች። "ለማስረጃ አስቀምጫቸዋለሁ።"

"እኔም ሦስት አሉኝ።"

ለስድስት ዓመት አብረን ስንኖር በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም፤ ስንለያይ ግን ሁለታችንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ልክ፣ ቃላችንን ጠብቀን ኖረናል። አንዳችን አትደዋወሉ የተባለውን ብናፈርስ ኖሮ ደውለን እንሰዳደብ ነበር፣ ነገሩም ያኔ ይገለጥ ነበር። ታማኝነታችን ነው ያስበላን። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ስለ እሷ የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ፊታቸው በየተራ መጣብኝ፤ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን የምቆረጠው ሌላ ቦታ ነው።

ቼኮቹን ሁሉ አንድ ላይ ብናደርጋቸውስ አልን። ግን የጠበቃ፣ የቅጣት፣ የደብዳቤ መላኪያ ሳይቀር እየተጨመረበት እዳው እኛን ትቶ ሩቅ ሄዷል፤ በዚያ ላይ ይቅር ያልነው ሁለት ወር እዚያው ቁጭ ብሏል። ከማክሰኞ በፊት መሸጥ ብቻ ነበር የቀረን። መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ፣ ቤት በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፉ ሰዎች አሉ አይደል? ድሮ ሳያቸው እስቅ ነበር። የመጣው ሰውዬ ቤቱን በአሥር ደቂቃ ዞሮ ጨረሰ፣ ከዋጋው ላይ ደህና አድርጎ ቆረጠ፣ ጣሪያው በበረዶ ተመትቷል ብሎ ደግሞ ቀነሰ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። አንድ ነገር ብቻ አደነቀ፤ አጥሩን። ማን ሠራልህ አለኝ። ሰናይት አጠገቤ ቆማለች። አላስታውስም አልኩት።

የሽያጩ ወረቀት የተፈረመው ጨረታው አራት ቀን ሲቀረው ነው። ጎን ለጎን አስቀመጡን። አስፈራሚዋ ሴት ደግ ናት፤ እያንዳንዱን ወረቀት ከመፈረማችን በፊት ታነብልናለች። ሻጮች ብላ ስሜን ጠራችና "ያላገባ ወንድ" አለች። ከዚያ የሰናይትን ስም ጠራችና "ያላገባች ሴት" አለች። ልክ ነው ወይ ብላ ቀና ብላ አየችን። ለስድስት ዓመት እንዲህ አድርጎ የጠየቀን አልነበረም። ሰናይት ቀድማ ልክ ነው አለች። እኔም ከእሷ ቀጥዬ ፈረምኩ።

ባንኩ የራሱን ከወሰደ በኋላ የተረፈችውን አካፍለው ለየብቻ ቼክ ሰጡን፤ ግማሽ በግማሽ። የእኔ ብዙም አትሞላም፤ ቤድፎርድ አንድ ክፍል ተከራይቼበታለሁ። የምንጣፉን ቅጣት ማን እንደሚከፍል እስካሁን አልተወሰነም፤ ውሉን ያፈረሰ ስላልተገኘ።

ፓርኪንጉ ድረስ አብረን ወጣን። መኪናዋን ከእኔ ትራክ አጠገብ ፓርክ አድርጋለች። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

"አንድ ቀን ብደውልልሽ ኖሮ ቤቱን አናጣም ነበር" አልኳት። "ጋሽ ንጉሤ ግን አትደዋወሉ ብለው…"

በሩን ከፍታ ቆማ አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም።

"ጋሽ ንጉሤ አራት ዓመት ሙሉ ሰርግህን ደግስ ሲሉህ አልሰማሃቸውም" አለች። "አትደውልላት ሲሉህ ግን ሰማሃቸው።"

ገብታ መኪናዋን አስነሣችና ሄደች። ስልኳ ቁጥሩ አልተቀየረም፤ አሁንም እኔ ጋ አለ። እስካሁን አልደወልኩም።